ውድ ስልክ በጅማ ፀሐይና ዝናብ ሲመዘን

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

የተከበራችሁ የዝግጅት ክፍሉ ባልደረቦች፦

በቴክኖሎጂ ዓምዳችሁ ስለ ሳምሰንግ ጋላክሲ ኤስ24 አልትራ ያወጣችሁትን ግምገማ በጥሞና አንብቤዋለሁ። እንዲህ ስላለ ረቂቅ ዕቃ በጥሩ አማርኛ በመጻፋችሁ አመሰግናለሁ። ይሁን እንጂ ግምገማው የስልኩን ጥንካሬና ድክመት የመዘነው በአመዛኙ አምራቹ ራሱ ባወጣቸው ቁጥሮች ስለሆነ፣ ለዚህ ስልክ ወይም ለመሰሉ ገንዘብ ሲያጠራቅም የሚከርም አንባቢ ከሁሉ በፊት ሊያውቀው የሚገባው ጉዳይ ሳይነሳ ቀርቷል። ይኸውም ስልኩ እኛ በምንኖርበት ቦታ፣ ለስንት ዓመት፣ በምን ሁኔታ ሊያገለግል ይችላል የሚለው ነው። እኔ በጅማ ዞን የቡና ልማት ባለሙያ ነኝ። ይህን ስልክ ለሥራ ተሰጥቶኝ በማና፣ በጎማና በሊሙ ኮሳ ወረዳዎች ማሳ ለማሳ ስጠቀምበት ስለቆየሁ፣ ያየሁትን ከታወቁት የስልኩ ባሕርያት ጋር አገናዝቤ ብጽፍ አንባቢዎቻችሁን ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

ስልኩ ጥር 8 ቀን 2016 ዓ.ም. ይፋ ሲሆን ብዙ የተወራው ስለ ካሜራውና አርቲፊሻል ኢንተለጀንስ ስለሚባለው አገልግሎቱ ነበር። በእኔ ግምት ግን ትልቁ ጥንካሬው ስክሪኑ ነው። አምራቹ ከፍተኛው የብርሃን መጠን 2,600 ኒት እንደሚደርስ ይገልጻል፤ በቀዳሚው ኤስ23 አልትራ ላይ ይኸው መጠን 1,750 ኒት ነበር። ከብርሃኑም ይልቅ ልዩነት ያመጣው ጎሪላ አርመር የተባለው መስታወት ነው፤ የመስታወቱ ሠሪ ኮርኒንግ ነጸብራቅን እስከ 75 በመቶ እንደሚቀንስ ይናገራል። መቶኛውን የምለካበት መሣሪያ የለኝም፤ ነገር ግን ቀን በስድስት ሰዓት ፀሐይ ከቡና ማድረቂያ አልጋ አጠገብ ቆሞ ቅጽ ለሚሞላ ሰው ልዩነቱ መለኪያ አያሻውም። በሌሎች ስልኮች ስሠራ ጀርባዬን ለፀሐይ ሰጥቼ፣ በአንድ እጄ ጥላ ሠርቼ፣ በሌላው እጄ የምጽፈውን አሁን ፊት ለፊት ቆሜ አነባለሁ። ውጭ የሚውል ሠራተኛ፣ የመሬት ቀያሽም ሆነ የግንባታ መሐንዲስ፣ ለዚህ ስልክ ገንዘብ የሚያወጣበት በቂ ምክንያት ካለ ይህ ነው።

ነገር ግን ይህንኑ ጥንካሬ አብዛኛው ገዢ በገዛበት ቀን ያጠፋዋል። በጅማ መርካቶም ሆነ በአዲስ አበባ፣ ስልክ ተገዝቶ ከሱቁ ከመውጣቱ በፊት ስክሪን ፕሮቴክተር ይለጠፍበታል፤ ይህም ስልኩ ውድ በሆነ ቁጥር የማይዘለል ልማድ ነው። ነጸብራቅን የሚቀንሰው የስልኩ መስታወት የላይኛው ገጽ ስለሆነ፣ በላዩ ላይ ተራ መስታወት ሲለጠፍ ዓይን የሚያገኘው የተለጠፈውን ገጽ ነው፤ ነጸብራቁም ተመልሶ ይመጣል። ከዚህም በላይ የጣት አሻራ መለያው ከስክሪኑ ሥር ሆኖ በድምፅ ሞገድ የሚሠራ በመሆኑ፣ ፕሮቴክተሩ ወፍራም ከሆነ አሻራውን ለማንበብ ይቸገራል። እዚህ ላይ እውነተኛ ምርጫ አለ፤ ስክሪኑ ቢሰበር መለወጫው እጅግ ውድ ስለሆነ ፕሮቴክተር የሚያስለጥፈውን ሰው ልወቅሰው አልችልም። ሆኖም ግምገማችሁ ነጸብራቅ አለመኖሩን ከጥንካሬዎቹ አንዱ አድርጎ ሲጽፍ፣ አንባቢው ይህን ጥቅም በምን እንደሚያጣው አብሮ ሊነግረው ይገባ ነበር። ክፈፉ የቲታኒየም ነው መባሉም እንዲሁ ነው፤ ቲታኒየም ጠርዙን ከመጫር ያድነው ይሆናል እንጂ ፊቱና ጀርባው መስታወት የሆነን፣ 232 ግራም የሚመዝንን ስልክ ድንጋይ ላይ ሲወድቅ አያድነውም።

ካሜራውን በተመለከተ 200 ሜጋፒክስል የሚለው ቁጥር በብዙ አንባቢ ዘንድ ከሚገባው በላይ ቦታ ይዟል። ስልኩ በተለመደው አሠራሩ አሥራ ስድስት ነጥቦችን ወደ አንድ እያዋሐደ 12 ሜጋፒክስል ፎቶ ነው የሚያስቀምጠው፤ ይህም በጎ አሠራር ነው፤ ምክንያቱም በጥላ ዛፍ ሥር ባለ ደብዛዛ ብርሃን የተዋሐደው ነጥብ ይበልጥ ጥራት ያለው ምስል ይሰጣል። የእኔ ሥራ ብዙ ጊዜ የታመመ ቅጠልና ፍሬ ማንሳት ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 በአገራችን ከታየ ጀምሮ ገበሬውን ሲጎዳ የኖረው የቡና ፍሬ በሽታ፣ በለጋው አረንጓዴ ፍሬ ላይ ሰርጎድ ያለ ጥቁር ቁስል ሆኖ ይጀምራል፤ ይህን ከሌላ ጉዳት ለይቶ በመልኮ ላሉ የምርምር ባለሙያዎች ለማሳየት ቀርቦ የሚያነሳ ካሜራ ያስፈልጋል። ስልኩ ይህን በሚገባ ይሠራል፤ በጫካ ቡና ውስጥ ከፍ ብሎ ያለ ቅርንጫፍ ለማየትም አምስት እጥፍ የሚያቀርበው ባለ 50 ሜጋፒክስል ሌንስ ጠቃሚ ነው። ነፋስ ቅጠሉን ሲያወዛውዝ ግን ከጥላ ሥር የሚነሱት ፎቶዎች ደጋግመው ይደበዝዙብኛል፤ ይህም በዚህ ዋጋ ካለ ስልክ የማይጠበቅ ድክመት ነው።

በዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። አብዛኞቻችን ፎቶ የምንለዋወጠው በቴሌግራም ነው፤ ቴሌግራም ደግሞ ፎቶን እንደ ፋይል ካልላክነው በቀር አሳንሶና ጨምቆ ያደርሰዋል። ስለዚህ ለ200 ሜጋፒክስል የተከፈለው ገንዘብ ከተቀባዩ ዘንድ ሳይደርስ መንገድ ላይ ይቀራል። ፎቶውን በሙሉ መጠኑ ማስቀመጥ የሚፈልግም ሌላ ችግር ይገጥመዋል፤ ይህ የስልክ ተርታ እ.ኤ.አ. በ2021 ከወጣው ኤስ21 ጀምሮ የሜሞሪ ካርድ ማስገቢያ የለውም። ከ256 ጊጋባይት ጀምሮ ያለው የውስጥ ማከማቻ ለብዙ ሰው ይበቃል፤ ስልኩ ድንገት የሞተ ዕለት ግን ካርዱን አውጥቶ ወደ ሌላ ስልክ ማዛወር አይቻልም።

ስልኩ ለማሳ ልኬት ይበልጥ ትክክለኛ ነው የሚል እምነት በሥራ ባልደረቦቼ ዘንድ ስለሰማሁ ስለዚህም መጻፍ ይገባኛል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ባጸደቀው የደን ምንጣሮ ደንብ መሠረት፣ ወደ ኅብረቱ ገበያ የሚገባ ቡና እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 31 ቀን 2020 በኋላ ደኑ ካልተመነጠረ መሬት የተገኘ መሆኑ መረጋገጥ አለበት፤ ለዚህም የማሳው መገኛ በኬክሮስና በኬንትሮስ፣ ከነጥብ በኋላ ቢያንስ በስድስት አኃዝ ይመዘገባል፤ ከ4 ሄክታር የሚበልጥ ማሳ ከሆነ ደግሞ ዙሪያ ወሰኑ መሳል አለበት። ስድስት አኃዝ ሲባል ከአሥር ሴንቲ ሜትር ገደማ ጋር የሚስተካከል ጥራት ያለው ይመስላል፤ ነገር ግን የማንኛውም ስልክ ጂፒኤስ በገላጣ ሰማይ ሥር እንኳ ጥቂት ሜትሮች ይስታል፤ ከብሳናና ከዋንዛ ጥላ ሥር ሲገባ ደግሞ የሳተላይቱ ምልክት በቅጠልና በግንድ እየተጋረደና እየነጠረ ስለሚመጣ ስሕተቱ ይሰፋል። ይህን የሚያስተካክለው ውድ ስልክ ሳይሆን ታግሶ መቆም፣ ደጋግሞ መለካትና ወሰኑን ከገላጣ ቦታ መያዝ ነው። ለማሳ ምዝገባ ብቻ ብሎ ይህን ስልክ መግዛት ተገቢ አይመስለኝም።

ስለ አርቲፊሻል ኢንተለጀንስ አገልግሎቱ አጭር ነገር ልበል። ስልኩ ሲወጣ የስልክ ንግግርን ወዲያው የመተርጎም አገልግሎቱ ለ13 ቋንቋዎች ብቻ ነበር፤ ከእነርሱ መካከል አማርኛም አፋን ኦሮሞም አልነበሩም። እኔ ከገበሬዎች ጋር የምነጋገረው በአፋን ኦሮሞ ነው፤ ሪፖርቴን ብዙ ጊዜ የምጽፈው በአማርኛ ነው። ለሁለቱም ቋንቋዎች የሚያገለግለው ጉግል ትራንስሌት ነው፤ አማርኛን እ.ኤ.አ. ከ2016፣ አፋን ኦሮሞን ደግሞ ከ2022 ጀምሮ ይተረጉማል፤ እርሱም በርካሽ ስልክ ላይ በነጻ ይሠራል። አንባቢው ሊጠቀምበት የማይችለውን አገልግሎት በአማርኛ በሚታተም ጋዜጣ ላይ ከስልኩ ጥንካሬዎች ተርታ ማስቀመጥ፣ ሰውን ለማይደርሰው ነገር እንዲከፍል መገፋፋት ነው፤ ይህን የምለው በቅንነት ነው።

አሁን ከሁሉ ወደሚበልጠው ጉዳይ ልምጣ። ሳምሰንግ ለዚህ ስልክ የሰባት ዓመት የሶፍትዌርና የደኅንነት ማሻሻያ ለመስጠት ቃል ገብቷል፤ ይህም እስከ 2023 ዓ.ም. ማለት ነው። በአገራችን ስልክ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ፣ ከአባት ወደ ልጅ፣ ከወንድም ወደ እህት እየተሻገረ ብዙ ዓመት የሚያገለግል ዕቃ ነው፤ የባንክና የቴሌብር መተግበሪያዎች በሚሠሩበት ስልክ ላይ የደኅንነት ማሻሻያ መቋረጡ ምን ማለት እንደሆነም አንባቢዎቻችሁ ያውቃሉ። ስለዚህ ይህ ቃል ኪዳን በእኔ ሚዛን ከካሜራውም ከፍጥነቱም በላይ ነው።

ይሁንና ሶፍትዌሩ ሰባት ዓመት ይኖራል ማለት ስልኩ ሰባት ዓመት ይኖራል ማለት አይደለም። ስልኩ 5,000 ሚሊአምፒር-ሰዓት ባትሪ አለው፤ አዲስ ሳለ አንድ ሙሉ የሥራ ቀን ያለ ጭንቀት ያውላል። የሊትየም ባትሪ ግን በተሞላና በተሟጠጠ ቁጥር ያረጃል። የአውሮፓ ኅብረት ከሰኔ 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለው ደንብ የስልክ ባትሪ ከ800 ሙሉ ዙር በኋላ ቢያንስ 80 በመቶ አቅሙን ይዞ እንዲቆይ ይጠይቃል፤ ይህን ዝቅተኛ ልክ ብንወስድ በየቀኑ ለሚሞላ ስልክ 800 ዙር ከሁለት ዓመት ጥቂት ቢበልጥ ነው። ባትሪው ከዚህ የተሻለ ቢሆን እንኳ፣ ሰባት ዓመት ሙሉ ያለ ለውጥ ያገለግላል ብሎ ማሰብ አይቻልም። ቢያንስ አንድ ጊዜ፣ ምናልባትም ሁለት ጊዜ መቀየር ይኖርበታል።

ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። የስልኩ ጀርባ በሙጫ የታሸገ መስታወት ነው፤ ባትሪውን ለመቀየር ጀርባው በሙቀት ተላቆ መነሳት አለበት። ስልኩ አይፒ68 የሚባለው ደረጃ አለው፤ አምራቹ እንደሚለው በ1.5 ሜትር ጥልቀት ባለ ንጹሕ ውሃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ ይቋቋማል፤ ይህን የሚያስችለው ግን ያው ሙጫ ነው። ሙጫው በትክክለኛው ዓይነት ተመልሶ ካልታሸገ ስልኩ ውሃ የመቋቋም አቅሙን ያጣል፤ ማጣቱንም ከውጭ አይቶ ማወቅ አይቻልም። በጅማ የሚገኙ ስልክ ጠጋኞች እጃቸው የተባ ነው፤ ይህን ደጋግሜ አይቻለሁ፤ የሚጎድላቸው ኦሪጅናል ባትሪና ልኩ የሆነ ማሸጊያ ነው። አንድ የሥራ ባልደረባዬ የሌላ ውድ ስልክ ባትሪ አስቀይሮ፣ ስልኩም እንደ አዲስ ሠርቶለት፣ በሚቀጥለው ክረምት በካፖርት ኪሱ ውስጥ ሳለ እርጥበት ገብቶበት ቦርዱ ተቃጠለ። ዝናብ አብዛኛውን የዓመቱን ወራት በማይለያት ከተማ ባትሪ የመቀየርና ውሃ የመቋቋም ጉዳዮች ተነጣጥለው ሊታዩ አይችሉም፤ አንዱን ስናገኝ ሌላውን እናጣለን።

ባትሪው ቶሎ እንዳያረጅ ማድረግ ይቻላል። በስልኩ ቅንብር ውስጥ ባትሪው 80 በመቶ ሲደርስ መሙላቱን እንዲያቆም የሚያደርግ ምርጫ አለ፤ ስልኩን ለብዙ ዓመት መያዝ ለሚፈልግ ሰው እጅግ ጠቃሚ ነው። ነገር ግን መብራት በሚጠፋበት አካባቢ የሚኖር ሰው መብራት ሲመጣ ስልኩን እስከ 100 መሙላቱ የግድ ይሆንበታል። በዚህ ረገድ የ45 ዋት ፈጣን አሞላሉ እውነተኛ ጥቅም አለው፤ መብራት ለግማሽ ሰዓት ብልጭ ብሎ ቢጠፋ እንኳ ከግማሽ በላይ ይሞላል። ሆኖም ከስልኩ ጋር ቻርጀር አይመጣም፤ የሚመጣው ገመድ ብቻ ነው። በገበያ ላይ 45 ዋት የሚል ጽሑፍ የታተመባቸው፣ ይህን ያህል የማይሰጡ ቻርጀሮች ሞልተዋል፤ ይህን ኃይል ለማግኘት ገመዱም እስከ 5 አምፒር የሚሸከም መሆን አለበት። ስልኩን በዚህ ዋጋ የሚሸጥ ኩባንያ ቻርጀሩን ማስቀረቱ ቅር ያሰኘኛል።

ዋጋውን እናስላው። ስልኩ በአሜሪካ ሲወጣ ዋጋው ከ1,299 ዶላር ከ99 ሳንቲም ይጀምር ነበር። ያኔ አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ስለነበር ይህ ወደ 74,000 ብር ይሆናል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ግን ዶላሩ ከ120 ብር አልፎ፣ ያው ስልክ ቀረጥና የነጋዴው ትርፍ ሳይጨመርበት ከ156,000 ብር በላይ ሆኗል። ይህ ለብዙ የመንግሥት ሠራተኛ የዓመት ሙሉ ደመወዝ የማይሸፍነው ገንዘብ ነው። ለሰባት ዓመት ብናካፍለው በዓመት ከ22,000 ብር ይበልጣል፤ ባትሪው በወጉ የማይቀየር ከሆነ ግን ማካፈል ያለብን ለሦስት ወይም ለአራት ዓመት ነው፤ ያን ጊዜ ስሌቱ ጨርሶ ይለወጣል።

በዚህ ምክንያት ለአብዛኛው አንባቢ የምመክረው ሌላ ነው። በዚያው ዓመት የወጣው ጋላክሲ ኤ55 ዋጋው ከግማሽ በታች ሆኖ የአምስት ዓመት የደኅንነት ማሻሻያ አለው፤ ያንኑ 5,000 ሚሊአምፒር-ሰዓት ባትሪ ይዟል፤ ሜሞሪ ካርድ ይቀበላል፤ ውሃም በአይፒ67 ደረጃ ይቋቋማል። የስክሪኑ ከፍተኛ ብርሃን 1,000 ኒት ብቻ ነው፤ የሚያቀርብ ሌንስም የለውም፤ ባትሪውም እንደዚሁ የታሸገ ነው። ነገር ግን ባትሪው ባረጀ ጊዜ ገዢው የሚያጣው ገንዘብ በእጅጉ ያነሰ ነው። አልትራውን እንዲገዛ የምመክረው ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ የሚሠራና ስልኩ ሲያረጅ አዲስ አበባ ድረስ ወስዶ በአምራቹ ዕውቅና ባለው ጠጋኝ ባትሪውን ሊያስቀይር የሚችል ሰው ብቻ ነው።

ከውጭ የመጣ ያገለገለ አልትራ በመግዛት ወጪ ለመቀነስ የሚያስቡም አሉ፤ ሐሳቡ መጥፎ አይደለም። ነገር ግን ለአሜሪካ ገበያ የተሠራው አንድ የሲም ካርድ ማስገቢያ ብቻ ስላለው የኢትዮ ቴሌኮምንና የሳፋሪኮምን ሲም አንድ ላይ ማስገባት ለሚፈልግ አይመችም፤ አንዳንዶቹም ለአንድ የውጭ ኩባንያ መስመር የተቆለፉ ናቸው። ገንዘብ ከመክፈል በፊት የራስን ሲም አስገብቶ መደወል፣ ባትሪው ስንት ዓመት እንዳገለገለ መጠየቅና ጀርባው ከዚህ በፊት ተከፍቶ እንደሆነ ጠርዙን በብርሃን መመርመር ያስፈልጋል።

ለዓምዳችሁ አንድ ጥያቄ አለኝ። ወደፊት ስልክ ስትገመግሙ ማሻሻያው የሚያበቃበትን ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ ለየትኛው ገበያ እንደተሠራ፣ በግዕዝ ፊደል መጻፍና ማንበብ ምን ያህል እንደሚመች ብትጽፉልን እናመሰግናለን። ከዚህም በላይ፣ ስልኮቹን የሚያስመጡትን ድርጅቶች የዚህ ስልክ ኦሪጅናል ባትሪ አገር ውስጥ ይገኝ እንደሆነ፣ የት ከተማ እንደሚቀየር፣ በስንት ብርና በምን ዋስትና እንደሚታሸግ ጠይቃችሁ መልሳቸውን ብታትሙ፣ ከጅማ፣ ከመቱም ሆነ ከቦንጋ ተነሥቶ ይህን ስልክ ሊገዛ የሚያስብ ሰው ከየትኛውም የካሜራ ቁጥር በላይ ይጠቅመዋል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

የቡና ልማት ባለሙያ
ጅማ